ደንቆሮ ጫካ (ቦረና ሳይንት ፓርክ) የሄደ ሰው አለ? ከቤተሰብ ጋር ያዋጣል ወይስ የላሊበላው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ይሻለናል?

የፒያሳዋ ደሴ
ሰላም ጀመዓው እንዴት ናችሁ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ኑሮዬ ግን አሁን አዲስ አበባ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከስንት ጊዜ በኋላ ከውጭ ለገና ይመጣል፣ ሁለት ልጆቹም አብረውት አሉ፣ ትልቁ 14 ዓመቱ ነው እና አውሬ ማየት ሲባል ያብዳል፣ ስልኩ ሙሉ የአንበሳ ቪዲዮ ነው። ወንድሜ ባሌ ልውሰዳቸው ሲል እኔ ደሞ እንዴ የራሳችን ወሎ እያለ ብዬ ተከራከርኩት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ደንቆሮ ጫካ ነብሩም ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም አለ ሲባል ነው የምሰማው። ግን ደሴ ላይ የማውቀውን ሰው ሁሉ ብጠይቅ ሄዶ ያየ የለም!! ጎግል ሳደርግ የሚወጣው የዩኒቨርሲቲ ጥናት ብቻ ነው፣ የት ይታደራል ምን ይበላል የሚል ሰው የለም።

እና እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ከደሴ እንዴት ነው የሚኬደው፣ ማደሪያ አለ ወይ፣ በእርግጥ አውሬ ይታያል ወይስ ዛፍ አይተን ነው የምንመለሰው። አንድ የላሊበላ ልጅ ደሞ አቡነ ዮሴፍ ይሻላችኋል ብሎኛል። ደሴ ያለችው እማዬም ካልሄድኩ ብላለች፣ ጉልበቷን ያማታል ግን ማን ይከለክላታል። ስለ መንገዱ ሰላምም የሰማችሁትን ጣል አድርጉልኝ።

የመካነሰላም ልጅ
እህታለም አብሽሪ፣ ትክክለኛው ሰው ጋር ደርሰሻል 😄 መጀመሪያ ግን ለወንድምሽ ልጆች ንገሪያቸው፣ ይሄ ቦረና የወሎው ቦረና ነው፣ ደቡብ ያቤሎ በኩል ያለው አይደለም። አንድ ፈረንጅ እሱ መስሎት የሜዳ አህያ የት አለ እያለ ሲጠይቅ ነበር።

ከደሴ በጉጉፍቱ አድርገሽ በአቀስታ ታልፊና መካነሰላም ትገቢያለሽ፣ 180 ምናምን ኪሎ ነው፣ ግን ኪሎውን አትቁጠሪ፣ ጠመዝማዛ ነው፣ ደጋ ነው፣ ጉም አለ፣ ቀኑን ይበላል፣ በጠዋት ካልወጣችሁ መንገድ ላይ ይመሽባችኋል። በጎጃም በመርጡለ ማርያም አባይን ተሻግሮ የሚመጣም መንገድ አለ ግን እናንተ እናታችሁን ለመውሰድ ደሴ ስለምትገቡ አይመቻችሁም። ከመካነሰላም ጫካው ወደ 16 ኪሎ ነው። የፓርኩ ጽህፈት ቤት መካነሰላም ስለሆነ እዛ ገብታችሁ ትመዘገባላችሁ፣ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይሰጧችኋል፣ የመግቢያ ዋጋ ስለሚቀያየር ሰው ከሚነግርሽ ራሳቸውን ጠይቂ።

ማደሪያ ካልሽኝ መካነሰላም ፔንሲዮኖች አሉ፣ ቀለል ያሉ ናቸው፣ አልጋው ይሞቃል ሽሮውም ይጣፍጣል። ጫካው ውስጥ ግን እንደ ሰሜን ተራሮች ሎጅ ምናምን ብለሽ እንዳትጠብቂ፣ ድንኳናችሁን ይዛችሁ ነው፣ ጋቢ ሳይሆን ወፍራም ባና ያዙ፣ በታህሳስና በጥር ጠዋት ላይ ውርጩ ሳሩን ነጭ አድርጎት ነው የምታገኙት። ወቅቱ ግን ጥሩ ነው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ክረምት ላይ ብትመጪ ጭቃና ጉም ብቻ ነው የምታዪው።

ስለ ሰላሙ እዚህ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም፣ ዛሬ ደህና ያልኩሽ ነገ ላይሆን ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን አቀስታና መካነሰላም ያለ ሰው ጋር ደውሉ፣ በተለይ ሹፌሮቹን፣ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ተዘጋ ካሏችሁ ቤታችሁ ቡናችሁን ጠጡ።

አራዳው 22
ጦጣና ጅብ ለማየት ያን ሁሉ መንገድ? ጅቡ እኛ ሰፈርም አለ እኮ ማታ ማታ 😂

የመካነሰላም ልጅ
@አራዳው 22 ያንተ ሰፈር ጅብ ቆሻሻ ገንዳ ላይ ነው የሚውለው ወንድሜ ተወን 😂

የፒያሳዋ ደሴ
@የመካነሰላም ልጅ አላህ ይስጥህ የኔ ወንድም! እሺ አውሬውስ? ልጁ ቀይ ቀበሮ ካላየ ያለቅሳል፣ እውነቱን ንገረኝ።

የመካነሰላም ልጅ
እውነቱን ከፈለግሽ፣ ልጁ ቀይ ቀበሮ ብቻ ከሆነ የፈለገው ወንድምሽ ልክ ነው፣ ባሌ ሳነቲ ውሰዱት። በዓለም ላይ ከቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ ያሉት እዛ ነው፣ ሳነቲ ላይ ደሞ መኪና ውስጥ ሆነሽ ታዪዋለሽ። እኛ ጋ ጥቂት ናቸው፣ የሚኖሩትም ጫካው ውስጥ ሳይሆን ከጫካው በላይ ጓሳው (የደጋው ሳር ሜዳ) ላይ ነው፣ እዛ መውጣት አለባችሁ፣ ወጥታችሁም ላታዩ ትችላላችሁ። ማንም ጋይድ አሳያችኋለሁ ብሎ ቢምልልሽ አትመኚው።

ጭላዳ ግን የተረጋገጠ ነው። ማታ ገደል ውስጥ ተኝተው ያድራሉ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ገደሉን እየወጡ ሜዳው ላይ ይሰፍራሉ፣ ተቀምጠው ሳር ሲነጩ ሁለቱም እጃቸው ነው የሚሰራው፣ ሰው ብዙም አይፈሩም። ልጆቹ የወንዱን ደረት ቀይ ቆዳ ሲያዩ አንበሳውን ይረሱታል፣ ፀጉሩም ትከሻው ላይ የሚወርደው ያው የአንበሳ ጋማ ነው። ጫካው ውስጥ ደሞ ጉሬዛ አለ፣ ዳኩላ በጠዋት ወይ ሲመሽ ውሃ ዳር ትታያለች፣ ገደሉ ላይ ሰስ አለች። ነብር አለ ግን ነብርን አየሁ የሚል ሰው ካገኘሽ አጥብቀሽ ጠይቂው፣ እኛ የምናየው ዱካውንና የበላውን ፍየል ነው።

ዛፉን ደሞ አትናቂብኝ "ዛፍ አይተን ነው የምንመለሰው" ያልሽው ትንሽ ከንክኖኛል 😅 ከታች ስትገቢ ወይራና ጥድ ነው፣ ከፍ ስትይ ኮሶ ይመጣል፣ ሽበት የመሰለ ነገር ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከዛ አስታ፣ ከዛ ዛፉ ያልቅና ጓሳና ጅብራ ብቻ ይሆናል። ከታች 1,900 ሜትር አካባቢ ጀምሮ እስከ 3,700 ድረስ ስለሚወጣ ነው እንደዛ የሆነው፣ በአንድ ቀን እግር ጉዞ አየሩ እየተቀያየረብሽ ነው የምትሄጂው። ጅብራው ስንት ዓመት ዝም ብሎ ያድግና አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል፣ ያበበ ካገኛችሁ ፎቶ አንሱት።

የላስታ ጋይድ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን ስለተነሳ ነው 😀 (አቡነ ዮሴፍ ይሻላችኋል ያለሽ የላሊበላ ልጅ እኔ አይደለሁም ግን ሃሳቡ የኛ የሁላችንም ነው)። አቡነ ዮሴፍ የተሻለ የሚሆነው አንደኛ ላሊበላ ኤርፖርት ስላለው ከአዲስ አበባ በፕሌን ትመጣላችሁ፣ የመንገድ ጣጣ የለም። ሁለተኛ ልጆቹ ውቅር ቤተክርስቲያኖቹንም ያያሉ። ሦስተኛ እኛ ሰፈር የቱሪስት ሥራ የቆየ ነው፣ በቅሎ፣ ምግብ ሰሪ፣ ድንኳን አከራይ ሁሉ አለ፣ በአሸተን ማርያም በኩል እየወጣችሁ ገዳሙንም ታያላችሁ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጅብራውም አለ። መቄት በኩል ደሞ መቋት ማርያምና ዋጀላ ገበሬው ራሱ የሚያስተዳድራቸው ማረፊያዎች ነበሩ፣ ከገደሉ ጫፍ ላይ የተሠሩ ጎጆዎች፣ ፈረንጆቹ ይወዱት ነበር፣ በኮቪድ በጦርነቱ በምኑ ሥራው ስለተቀዛቀዘ አሁን የትኛው እንደሚያስተናግድ ደውሎ ማረጋገጥ ነው።

ግን እህቴ እናትሽን አቡነ ዮሴፍ አታውጪያት። ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ትንፋሽም ያጥራል፣ ልጆቹም ከባህር ጠለል ከመጡ መጀመሪያ ላሊበላ ሁለት ሌሊት አሳድሯቸው። በቅሎ ላይ ትቀመጣለች እንዳትይ፣ ቁልቁለቱ ላይ በቅሎ ላይ መቀመጥ ከእግር ይብሳል።

ጫካ ካላችሁኝ ግን ጫካው የነሱ ነው አልክድም፣ አቡነ ዮሴፍ ሜዳና ገደል ነው፣ ዛፍ ብዙም የለውም።

ሳይንቴው
ሁላችሁም ጥሩ ነው የጻፋችሁት ግን ስለ ጫካው ስታወሩ ጫካው ዙሪያ ስላለው ሰው ማንም አላነሳም። እኔ ቤታችን ከፓርኩ ወሰን ሩቅ አይደለም፣ አባቴ ገበሬ ነው፣ ድሮ ከብቶቻችንን እዛ ነበር የምናግደው፣ ለጣራ የሚሆን ሳርም እንጨትም ከዛ ነው። በ2001 ፓርክ ተባለ፣ መጀመሪያ ከ4 ሺህ ሄክታር ትንሽ የሚበልጥ ነበር በኋላ ወደ ወረሂመኖ በኩል ሰፋ፣ ስሙም ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ሆነ። ከዛ ከብት አታስገቡ ተባለ። እሺ። ግን ጭላዳው አይከለከልም፣ ጭላዳው ወጥቶ ገብሳችንን ይነጫል፣ ጅቡ በግ ይወስዳል፣ ልጆቻችን ትምህርት ትተው ማሳ ሲጠብቁ ይውላሉ፣ ማንም ካሳ የከፈለን የለም። ከዛ ስብሰባ ይጠሩንና ኢኮቱሪዝም ይመጣል ትጠቀማላችሁ ይሉናል፣ አባቴ ከስብሰባ ሲመለስ ያ ቱሪዝም የተባለው ሰውዬ ዛሬም አልመጣም ይላል 😂

ተዉ ጫካው ይቆረጥ እያልኩ አይደለም። ጫካው ከሌለ ምንጩ ይደርቃል፣ ይሄን ከማንም በላይ የሚያውቀው አባቴ ነው፣ እናንተ ከምትሉት በላይ። እኔ የምለው የሚመጣው እንግዳ ገንዘቡን የት ነው የሚጥለው ነው። ደሴ ላይ መኪና ተከራይቶ፣ ምግቡን ከደሴ ጭኖ፣ መግቢያውን ለቢሮ ከፍሎ፣ ፎቶ አንስቶ ከሄደ ለኛ የቀረልን አቧራው ነው። በቅሎ ከመንደር ከተከራየ፣ መንገድ የሚያሳይ ልጅ ከመንደር ከያዘ፣ እንቁላሉንና ዶሮውን ከእናቶች ከገዛ ግን ያ ሰው ነገ ጭላዳ ሲያይ ድንጋይ አይወረውርም፣ ቀላል ሂሳብ ነው።

መንዝ ጓሳ ሂዳችሁ እዩ፣ ከኛ ሩቅ አይደለም። እዛ ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው፣ ሳሩን ሰዉ ራሱ ዘግቶ ራሱ ይከፍተዋል፣ መቼ ይታጨዳል መቼ ከብት ይገባል የሚለውን አባቶች ነበሩ የሚወስኑት፣ ለመቶዎች ዓመታት እንደዛ ነው የቆየው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ ግን ሰዉ አልተወውም፣ በኋላ እንደገና በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ቦታ አደረጉት፣ ማረፊያ ሎጅም አላቸው። እዛ ቀይ ቀበሮው ያለው ሰዉ የኔ ነው ስላለው ነው። እኛ ጋ ግን ገበሬው "የመንግሥት ጫካ" ነው የሚለው፣ ከደርግ ጀምሮ እንደዛ ነው። ችግሩ እሱ ነው ባይ ነኝ።

የመካነሰላም ልጅ
@ሳይንቴው በጭላዳውና በካሳው እስማማለሁ። ግን ስካውቶቹም እኮ ከነዛው መንደሮች ናቸው፣ ደሞዛቸው ምን ያህል እንደሆነ ታውቃለህ፣ ማታ በዛ ብርድ እየዞሩ እንጨት ቆራጭ የሚያባርሩት የአጎታቸውን ልጅ ነው። እነሱንም አስብላቸው። ደሞ ከብት አይግባ የተባለው ለጭላዳው ሳር ብቻ አይደለም፣ ከከብቱ ጋር ውሻው ይገባል፣ ቀይ ቀበሮውን የሚጨርሰው ደሞ የውሻ በሽታ ነው።

ሳይንቴው
ማን ካደ። ስካውቱን አልወቀስኩም፣ ስካውቱ ወንድማችን ነው። ውሻ ካልን ግን የውሻው ክትባት እስከ መንደራችን ይምጣልን፣ እረኛ ያለ ውሻ በጅብ ሀገር ከብት አይጠብቅም፣ ውሻህን ግደል ማለት ቀላል ነው።

የባዮሎጂ መምህር ከኮምቦልቻ
ስለ ውሻው @ሳይንቴው ትክክል ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ ትልልቆቹ ከ500 አይበልጡም ነው የሚባለው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ውስጥ በተደጋጋሚ ብዙ ገድሏቸዋል። እንደ እኛ ያለ ቦታ ደሞ ቁጥሩ ድሮም ትንሽ ስለሆነ አንድ ወረርሽኝ ከገባ አለቀ፣ ጎጃም ጮቄ ላይ ጠፍቷል፣ ጉና ላይም ጠፍቷል። መድኃኒቱ የመንደሩን ውሻ መከተብ ነው እንጂ መግደል አይደለም፣ የተገደለውን ቦታ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ነው የሚሞላው።

@የፒያሳዋ ደሴ ልጁ እንዳይታለል አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ብዙ ሰው ተራውን ቀበሮ አይቶ ቀይ ቀበሮ አየሁ ይላል። ቀይ ቀበሮው እግሩ ረዘም ያለ፣ አፉ ቀጠን ብሎ የሾለ፣ አንገቱ ስርና ደረቱ ነጭ፣ ጅራቱ ጫፉ ላይ ጥቁርና ጎፈር ያለ ነው። የሚያድነውም ቀን ነው፣ ብቻውን ሆኖ አይጥና ፍልፈል ጉድጓድ ላይ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ይቆማል፣ በመንጋ ቢኖርም ምግቡን ሲፈልግ ለየብቻ ነው። ስለዚህ ጓሳው ላይ አይጥ የበዛበትን ቦታ አሳዩን በሉ፣ አንድ ቦታ ቁጭ ብላችሁ በቢኖኩላር ጠብቁ፣ እየዞሩ ከመፈለግ እሱ ይሻላል። ልጆቹ ዝም ብለው መቀመጥ ከቻሉ ማለቴ ነው 😄 እየጠበቁ ሰማዩንም ይዩ፣ አጥንት ከላይ ጥሎ ድንጋይ ላይ እየሰበረ የሚበላው አሞራ አለ፣ እኔ ከቀበሮው ይልቅ እሱን ነው የምወደው።

እናትሽን በተመለከተ ደሞ ለምን ይጎፍ አትወስጂያትም? ከኮምቦልቻ በላይ ያለው ጫካ ነው፣ ከደሴ ስትወርጂ ይታይሻል። ጥዱና ወይራው ደስ ይላል፣ ጦጣና ዝንጀሮ አለ፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ ዳኩላም። ከፊሉ ባህር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ የተተከለበት ስለሆነ ደንቆሮን አያክልም ግን ጠዋት ሄዳ ከሰዓት ቤቷ ትገባለች።

የፒያሳዋ ደሴ
እማዬን ይጎፍ አልኳት፣ "እኔ ይጎፍን በመስኮት ሳየው ነው ያረጀሁት" አለችኝ 😂😂 መካነሰላም ድረስ አብራን ትመጣለች፣ እዛ ዘመድ አለን ለካ (ወሎ ውስጥ ዘመድ የሌለን የት አለ)፣ እሷ እዛ ቡና እየጠጣች ትጠብቀናለች እኛ ጫካ እንገባለን።

@ሳይንቴው የጻፍከውን ለወንድሜ አነበብኩለት፣ ምግብ ከደሴ አንጭንም፣ ቆሎና ዳቦ ብቻ ለመንገድ። ግን መንደር ውስጥ ዝም ብሎ ሰው ቤት ገብቶ እንቁላል ሽጡልኝ ይባላል እንዴ? እንዴት ነው የሚደረገው? ለበቅሎስ ስንት ይከፈላል?

ሳይንቴው
እህቴ ዝም ብለሽ አትገቢም፣ መጀመሪያ ስካውቱን ንገሪው፣ እሱ ከመንደሩ ሽማግሌ ጋር ያገናኝሻል፣ አይዋ እንደምን አደሩ ብለሽ ሰላም በይ፣ ከዛ እነሱ ራሳቸው ይጨርሱልሻል። ምናልባትም በነፃ ብሉ ይሏችኋል፣ እንቢ አትበሉ ይቀየማሉ፣ ብሉና ስትወጡ ለቤቱ እመቤት በእጇ ስጧት፣ ለልጆች አትስጡ፣ ልጆች ብር ከለመዱ ትምህርት ቤት ትተው መኪና ሲጠብቁ ነው የሚውሉት። የበቅሎውን ዋጋ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ለባለበቅሎው የቀኑን ምግብ እናንተ ናችሁ የምትችሉት። ልጆቹ ከረሜላ ይዘው መጥተው ለጭላዳ እንዳይወረውሩ አደራ፣ ምግብ ከለመደ ከሰው እጅ መንጠቅ ይጀምራል።

የላስታ ጋይድ
ስምንት ሰዓት ላይ ጫፍ ላይ እንዳትገኙ ብቻ፣ ከሰዓት ንፋሱና ጉሙ ይመጣል። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሱ፣ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ሲወጡ እዛ ድረሱ። ደሞ ከዛ በኋላ ጊዜ ከተረፋችሁ ላሊበላ ኑ እንግዲህ 😀

የፒያሳዋ ደሴ
እሺ ሁላችሁም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ወንድሜ ትንሽ ድሮን ገዝቷል ጫካውን ከላይ እቀርፃለሁ እያለ ነው፣ ይቻላል?

የመካነሰላም ልጅ
ኧረ በአላህ! ድሮኑን እዛው ውጭ ሀገር ትቶት ይምጣ። አንደኛ ያለ ፈቃድ ሀገር ውስጥ ማስገባቱም ማብረሩም አይቻልም፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱበታል። ሁለተኛ የኛ ሀገር ሰው አሁን ያንን ድምፅ ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ታውቂያለሽ፣ ሴቱም ልጁም ነው የሚሮጠው። ካሜራ ይበቃል። መካነሰላም ስትገቡ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ጽህፈት ቤቱ ድረስ አደርሳችኋለሁ።

የፒያሳዋ ደሴ
ለወንድሜ ነገርኩት፣ ድሮኑን አይዝም። የእማዬ ዘመዶች ቤት ለካ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው ይሉኛል፣ ታውቀው ይሆናል፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ።